የሽንት ጨርቅና የነገሌ ውሃ

የአገራችን የአለባበስ ታሪክ ሲወሳ ካባ ላንቃው፣ ጃኖው፣ ጥበቡ፣ ኩታው በየተራው ይነሣል። ነገሥታቱ ምን ለብሰው እንደ ነገሡ፣ መኳንንቱ ምን ደርበው ግብር እንደ ገቡ የሚነግረን አናጣም። ንጉሡም ሎሌውም፣ ደጃዝማቹም ባላገሩም ከሁሉ አስቀድመው የታጠቋትን እራፊ ግን ማንም አያነሣትም። ምክንያቱ አይጠፋንም፤ የሽንት ጨርቅ ስሙም ጠረኑም ለታሪክ መጽሐፍ አይመችም። ቢሆንም ይህች እራፊ ጨርቅ የት እንደ ተሸመነች፣ በምን ውሃ እንደ ታጠበችና ማን እንዳጠባት መጠየቅ ከጀመርን ስለ ንግድ፣ ስለ ጦር ሠፈር፣ ስለ ድርቅ፣ ከሁሉም በላይ ስለ ሴቶች ጉልበት ብዙ ታጫውተናለች።

ለዚህ ጨዋታ ከነገሌ ቦረና የተሻለ ቦታ የለም። ነገሌ ከገናሌና ከዳዋ ወንዞች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። ሁለቱ ወንዞች ዶሎ ላይ ሲገናኙ ጁባን ይፈጥራሉ፤ ሶማልያን አቋርጠውም ሕንድ ውቅያኖስ ይገባሉ። በካርታ ለሚያያት በውሃ የታጠረች ትመስላለች። ወንዞቹ ግን በሩቁና በጥልቁ ነው የሚሄዱት። ነገሌ በሁለት ታላላቅ ወንዞች መካከል ተቀምጣ ስትጠማ የኖረች ከተማ ናት። በየቤቱ ቧንቧ ከፍቶ ለለመደው ለአዲስ አበባ ሰው (እሱም ቢሆን ፈረቃውን ጠብቆ ነው) የሽንት ጨርቅ ማጠብ አሰልቺ ሥራ ብቻ ነው። በቆላው ደቡብ ግን በጀት የሚጠይቅ፣ እቅድ የሚጠይቅ፣ አንዳንዴም ከጎረቤት የሚያጣላ ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ጨርቅ አልነበረም። የቦረናና የጉጂ አርብቶ አደር ቤተሰብ ለብዙ ዘመን የለበሰው ቆዳ ነበር። ሕፃኑ የሚተኛው በለፋ ቁርበት ላይ፣ የሚታዘለውም በቆዳ ነው። በሰሜኑና በመካከለኛው ኢትዮጵያም ቢሆን በዛጎልና በጨሌ ያጌጠው አንቀልባ የቆዳ ሥራ መሆኑን እናውቃለን። ቆዳ ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው። አይመጥም፤ ይጠረጋል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በቅቤ ይታሻል፣ በቃው። ውሃ የሚጠይቀው ነገር እምብዛም የለም። የቦረና ሴቶች የወተት ዕቃቸውን እንኳ የሚያጸዱት ውሃ በማፍሰስ ሳይሆን በጢስ በማጠን መሆኑን ያየ ሰው፣ ይህ ሕዝብ ንጽሕናን ከውሃ ለይቶ ማሰብ የቻለ ሕዝብ መሆኑን ይረዳል። እኛ ከተሜዎች ንጽሕናና ውሃ አንድ ይመስሉናል፤ እንደዚያ ብቻ አይደለም።

ታዲያ ሕፃኑ ሲሸናስ? መልሱ ከቦረና ርቆም የሚገኝ ነው። በአፍሪካ በብዙ ቦታ እናት ልጇን ጠብቃ ታሸናለች። እግሯን ዘርግታ ትቀመጥና ሕፃኑን ቁርጭምጭሚቷ ላይ አስደግፋ «እሽሽሽ» ትላለች። ሕፃኑም ድምፁን ከሥራው ጋር ያዛምደዋል። ይህንን የእኛም እናቶች፣ ደገኛውም ቆለኛውም፣ ያውቁታል። ፈረንጆች ነገሩን በጽሑፍ ያገኙት ዘግይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ዴቭሪስ የተባሉ ባልና ሚስት በኬንያ ጠረፍ የሚኖሩ የዲጎ እናቶችን ልማድ አጥንተው በአንድ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። የዲጎ እናት ልጇን ማሠልጠን የምትጀምረው በተወለደ በጥቂት ሳምንት ሲሆን፣ ልጁም ገና ዓመት ሳይሞላው ሽንቱን በምልክት መሽናት ይለምዳል። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ሐኪሞች ልጅ ዓመት ተኩል እስኪሆነው አትንኩት እያሉ ያስተምሩ ነበርና ጽሑፉ ብዙ ሐኪም አስገርሟል። ለአንዲት የቦረና አያት ቢነበብላት ግን ምኑ ነው የሚያስገርመው ብላ የምትጠይቅ ይመስለኛል።

ይህ ዘዴ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። እናትና ልጅ ቀኑን ሙሉ መለያየት የለባቸውም። መሬቱም አፈር፣ ደጁም ሜዳ መሆን አለበት። ሲሚንቶ ወለል፣ የተነጠፈ ሶፋ፣ የጎረቤት አልጋ፣ የቢሮ ሰዓት ሲመጣ ዘዴው ይፈርሳል። ጨርቅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ጨርቁ ከየት መጣ? የደገኛዋ እናት ያረጀ ነጠላ ነበራት። ሲነጭ ለቤተ ክርስቲያን፣ ሲደክም ለጓዳ፣ ሲያልቅ ለሕፃን የሚሆነው የነጠላ ዕድሜ የታወቀ ነው። ብዙ ጊዜ የታጠበ ድርና ማግ ይለሰልሳል፤ የሕፃን ገላም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ድንግል ጨርቅ ለሕፃን አይሆንም የሚሉት ባልቴቶች ልክ ናቸው፤ አዲስ ጥጥ ውሃ አይመጥም፣ ደጋግሞ መታጠብ አለበት።

ከዚያ በኋላ አቡጀዲ መጣ። ይህ ያልነጣ፣ ጠንካራ የጥጥ ጨርቅ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ «መሪካኒ» ይባል ነበር፤ የአሜሪካ ማለት ነው። የማሳቹሴትስ ፋብሪካዎች ይሸምኑታል፣ የሴለም ነጋዴዎች በመርከብ ዛንዚባር ያደርሱታል፣ ከዚያ በአረብና በሶማሌ ነጋዴ እጅ ወደ መሀል አገር ይገባል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ጥጡ ሲቋረጥ የእንግሊዝና የሕንድ ጨርቅ ገበያውን ያዘው፤ ስሙ ግን እዚያው ቀረ። በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ለመፈራረም አዲስ አበባ ሲገባ፣ አሜሪካ ከያዘችው ጥቅም አንዱ ይኸው የጥጥ ጨርቅ ነበር። መልእክተኛው ስለ ኢትዮጵያ ሕፃናት አስቦ ነበር ለማለት አይደለም። ነገር ግን አቡጀዲ በየገበያው በክንድ እየተለካ ሲሸጥ፣ ከቀሚሱና ከእጀ ጠባቡ የተረፈችው ቁራጭ የት ትውል እንደ ነበር ለማንም እናት ግልጽ ነው። አቡጀዲ ሰው ሲወለድ የሚጠቀለልበት፣ ሲሞትም የሚገነዝበት ጨርቅ ሆኖ ኖረ። በኋላ የድሬዳዋ፣ የአቃቂ፣ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮም የባሕር ዳር ፋብሪካ ሲሸምን ጨርቁ የአገር ልጅ ሆነ።

ወደ ደቡብ ቆላ ጨርቁን ይዘው ከገቡት መካከል ወታደሩና ነጋዴው ቀዳሚ ናቸው። ነገሌ የጦር ከተማ ናት። በጥር 1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት በገናሌ ዶርያ ውጊያ በአውሮፕላንና በመኪና አሸንፎ የያዛት እሷን ነበር፤ ግራዚያኒም በኋላ «የነገሌ ማርኪዝ» የሚል ማዕረግ ተቀበለባት። ከነፃነት በኋላም የጦሩ አራተኛ ክፍለ ጦር አንድ ብርጌድ ሠፈረባት። የጦር ሠፈር ደግሞ ወንድ ብቻውን የሚኖርበት ቦታ አይደለም። ሚስት ትከተላለች፣ ጠላ ሻጭ ትከተላለች፣ ልጅ ይወለዳል። ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከወላይታ የመጣች የወታደር ሚስት የደጋ ልማዷን ይዛ ትመጣለች። ልጇን በጨርቅ ታስራለች፣ ጨርቁን ታጥባለች፣ ትቀቅላለች፣ ታሰጣለች። በአገሯ ምንጩ ከጓሮ ነው። እዚህ ግን ውሃ የሚገኘው በወረፋ ነው።

እስቲ ቁጥሩን በእጃችን እናስላው። አራስ ልጅ በቀንና በሌሊት ስምንት ጊዜ ቢቀየርለት ብዙ አይባልም። ስምንት ጨርቅ አንዴ መዘፍዘፊያ፣ አንዴ በሳሙና ማጠቢያ፣ ሁለቴ ማለቅለቂያ ውሃ ይፈልጋል። እጅግ ቆጣቢ ሴት ብትሆን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃት ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ለመጠጥ፣ ለምግብና ለንጽሕና በትንሹ ያስፈልጋል የሚለው ውሃ ደግሞ 20 ሊትር ነው። እንግዲህ የአንድ አራስ ጨርቅ የአንድ አዋቂ ሰው ድርሻ ይጠጣል ማለት ነው። በአህያ የሚመጣ፣ በሳንቲም የሚገዛ ወይም በጀርባ የሚታዘል 20 ሊትር!

የ1966ቱን አብዮት ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ወዴት እንደማመራ ገምቷል። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. የነገሌው ብርጌድ ወታደሮች በመኮንኖቻቸው ላይ አመፁ። ምግቡ ተበላሽቷል፤ የወታደሩ የውሃ ፓምፕ ተሰብሯል፤ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ከልክለዋቸዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ነገሩን እንዲያጣሩ የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ። ወታደሮቹ ጄኔራሉን ያዟቸውና ያንኑ ምግብ እንዲበሉ፣ ያንኑ ውሃ እንዲጠጡ አደረጓቸው። ወሬው ወደ ሌሎች የጦር ክፍሎች ተዛመተ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ሳይጠባ ሳይሆን ጠብቶ በሁለተኛው ቀን፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ዙፋኑ ወደቀ።

ይህ ታሪክ ሁልጊዜ የሚነገረው ስለ ወታደሩ ጉሮሮ ነው። የተሰበረው ፓምፕ ግን የሚቀዳው ለጉሮሮ ብቻ አልነበረም። ውሃ ባጣ ሠፈር መጀመሪያ የሚቀረው እጥበት ነው፤ ከእጥበትም መጀመሪያ ችግሩ የሚታወቀው በአራስ ቤት ነው። ጎልማሳ ሰው ሸሚዙን ሳምንት ሊለብስ ይችላል። የሕፃን ጨርቅ ግን ለነገ አይባልም፤ ሽንቱ ይቃጠላል፣ ገላው ይቀላል፣ ይላላጣል፣ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድራል። በዚያ ጥር በነገሌ ስንት ሕፃን እንዳለቀሰ የመዘገበ የለም። የታሪክ ሰዎቻችን ስለ ጄኔራሉ ምሳ የጻፉትን ያህል ስለ ሴቶቹ ጀሪካን ቢጽፉ አብዮቱን ከጓዳ በኩል እናየው ነበር እላለሁ።

በአንጻሩ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ውሃን በሥርዓት መግዛት የሚያውቅ ሕዝብ አለ። ቱላ የሚባሉት የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች እስከ 30 ሜትር ይወርዳሉ። ሰዎች በእርከን ተደራርበው ቆመው የቆዳ ባልዲ እየተቀባበሉ፣ በዜማ እየተናበቡ ውሃውን ወደ ላይ ያወጡታል። ዘጠኙ ቱላዎች «ቱላ ሰልገን» ይባላሉ። ተራው የታወቀ ነው፤ የየቀኑን ወረፋ የሚያስከብር ሹም አለ፤ የጉድጓዱን ውሃ መንሳት ነውር ነው። የነገሌ መኮንኖች ከጎረቤቶቻቸው ይህቺን ብቻ ተምረው ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር ብሎ ማሰብ አይከለከልም።

አሁን ወደ ጓዳው እንመለስ። በቤት ውስጥ የጨርቁ ሥራ የራሱ ጥበብ አለው። ጨርቁ አራት ማዕዘን ይቀደዳል፣ በሰያፍ ታጥፎ ሦስት ማዕዘን ይሆናል፣ መሀሉ ላይ ሌላ ታጣፊ እራፊ ይደረብበታል፤ ለወንድ ልጅ ወደ ፊት፣ ለሴት ልጅ ወደ ኋላ ወፈር ይደረጋል። ጫፎቹ ወገብ ላይ ይቋጠራሉ ወይም በመርፌ ቁልፍ ይያዛሉ። (መርፌ ቁልፍን እ.ኤ.አ. በ1849 የፈለሰፈው ዋልተር ሀንት የተባለው አሜሪካዊ መብቱን በ400 ዶላር የሸጠው የ15 ዶላር ዕዳ ለመክፈል ነው ይባላል፤ የዓለም እናቶች ዕዳስ ገና አልተከፈለውም።) ጥንቁቅ እናት ጣቷን ከመርፌውና ከልጁ ገላ መካከል ታስገባለች፤ ቢወጋ እሷን ይውጋ።

ማጠቢያው በደጋ እንዶድ ነበር። እንዶድ ሲነሣ ዶክተር አክሊሉ ለማን አለማንሣት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያች እይታ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣን የሚገድል ነገር ለዓለም አበረከቱ። እ.ኤ.አ. በ1989ም ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ሴቶቹ የሚያጥቡት ልብስ መካከል የሕፃን ጨርቅ እንዳልነበረ የሚምል ማን ነው? እንዶድ ግን የደጋና የወይና ደጋ ተክል ነው፤ ወደ ሞያሌና ወደ ዶሎ ሲወረድ አይገኝም። ስለዚህ የቆላዋ ከተሜ የሳሙና ጥገኛ ናት። 501 ሳሙና ለአራስ ጥየቃ ይዞ የሚሄድ እንግዳ በዚያ አገር እንደ ዐዋቂ ይቆጠራል።

ቆላው የነፈገውን ውሃ በፀሐይ ይክሳል። አዲስ አበባ በክረምት ሦስት ቀን ገመድ ላይ የሚውል ጨርቅ፣ ከከሰል ምድጃ በላይ ተንጠልጥሎ ጢስ ጢስ የሚል ጨርቅ፣ በካውያ እየተተኮሰ የሚደርቅ ጨርቅ፣ ነገሌ ላይ ቡና እስኪፈላ ይደርቃል። ቀጥተኛ ፀሐይ ደግሞ እድፉን ያነጣል፣ ጀርምም ይገድላል። ከስድስት ጨርቅ በላይ የሌላት የቆላ እናት ሃያ ጨርቅ ካላት ደገኛ እኩል የምታሳድገው በዚህ ነው። ነፋሱ ከሚያመጣው አቧራ ጋር መጣላቷ ግን አይቀርም።

ጉዞ ሲመጣ ሒሳቡ ሁሉ ይለወጣል። አርብቶ አደሩ ጉዞ ኑሮው ነውና ልጁን በጀርባ ወይም፣ እንደ ጋብራዎቹ፣ የቤቱን እንጨት በተሸከመ ግመል ላይ አስቀምጦ ይሄዳል፤ የሚቀየር ጨርቅ የለም፣ የሚሸናበት ሜዳም አያልቅም። ችግረኛዋ የአውቶቡስ ተሳፋሪዋ ናት። መንገዱ ዛሬ ከመሻሻሉ በፊት ከአዲስ አበባ ነገሌ ለመድረስ ማደር ግድ ነበር፤ ሻሸመኔን፣ ሐዋሳን፣ ክብረ መንግሥትን አልፎ የሚወርደው መንገድ በበጋ አቧራ፣ በዝናብ ጭቃ ነው። በቅጥቅጥ ወይም በኤንትሬ ላይ ሕፃን የያዘች ሴት የምትሰናዳው እንዲህ ነው። ደረቅ ጨርቆቿን በነጠላ ጠቅልላ እቅፏ ውስጥ ትይዛለች፤ አንድም እንዳይቆሽሹ፣ አንድም በገላዋ ሙቀት እንዲሞቁ። የረጠበው በፌስታል ይታሰራል። ፌስታል ከመምጣቱ በፊት ላስቲክ፣ ከላስቲክ በፊት ደግሞ ቅልና ቆዳ ነበር። ከጉልበቷ ላይ ቁራጭ ላስቲክ ታነጥፋለች፤ ይህም ለጎረቤት ተሳፋሪ ክብር ነው። አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም ሌላው ወደ ምግብ ቤት፣ እሷ ወደ ቧንቧ ትሮጣለች። ማታ አልጋ ቤት ስትደርስ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ሳፋ አለ?» ነው። ሌሊቱን ያጠበችው ጨርቅ ካልደረቀ ጠዋት በመስኮቱ በኩል አውጥታ ትይዘዋለች፤ የመኪናው ነፋስ ያደርቀዋል። አቧራ ካለ ግን ይህም አይሆንም፤ መስኮቱ ይዘጋል፣ ጨርቁ ይሸታል፣ ረዳቱ ያጉረመርማል። እዚህ ላይ የኢትዮጵያዊ መንገደኛ ደግነት ይታያል። «ምን አለበት፣ የልጅ ሽንት!» ብሎ ጋቢውን የሚያቀብል ሽማግሌ ያልገጠማት እናት ጥቂት ናት።

የሞያሌና የነገሌ እናት ደግሞ ደገኛዋ የሌላት አንድ ሀብት አላት። ከኬንያ የሚመጣው ካንጋ፣ ከሶማሌ በኩል የሚገባው ሽርጥና ስስ የጥጥ ጨርቅ፣ ሰልባጁም ጭምር በቆላው ገበያ ሞልቷል። ያረጀ ካንጋ ቀጭን ስለሆነ በትንሽ ውሃ ይታጠባል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ሲታጠፍ ይወፍራል። ለመንገድ ከወፍራም ፎጣ ይልቅ ስስ ጨርቅ ደራርቦ መያዝ ይሻላል የሚለውን ምክር የዛሬ ፈረንጅ እናቶች እንደ አዲስ ግኝት ሲለዋወጡት፣ በጠረፍ ከተሞቻችን የቆየ ዕውቀት ነው።

ወዲያ ማዶ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1946 ማሪዮን ዶኖቫን የተባለች አሜሪካዊት እናት የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ቀድዳ ለጨርቁ ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ሰፋች፤ በ1951 የፈጠራ መብት አገኘችበት። የሚጣል የወረቀት ሽንት ጨርቅ እንሥራ ስትል ግን ፋብሪካዎቹ አልሰሟትም። በ1961 የፕሮክተርና ጋምብል ኩባንያ ፓምፐርስን ፒዮሪያ በተባለች ከተማ ለሙከራ አወጣ። መጀመሪያ ውድ ነው ተብሎ ቀዘቀዘ፤ ዋጋው ሲቀንስ ዓለምን ወረረ። በነገራችን ላይ «ዳይፐር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጥንት የአንድ ዓይነት ጥለት ያለው የሽመና ጨርቅ ስም ነበር። እኛ ዛሬ «ዳይፐር» ብለን የምንለየው የሚጣለውን ነው፤ ቃሉ ግን በትክክል የእናቶቻችንን ጨርቅ ይመለከታል።

ወደ እኛ አገር ዳይፐር በሰፊው የገባው ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነው። መጀመሪያ የውጭ አገር ዘመድ ስጦታ፣ ቀጥሎ የሱፐርማርኬት ዕቃ፣ ከዚያ የኪዮስክ ሸቀጥ ሆነ። በ2009 ዓ.ም. ኦንቴክስ የተባለ የቤልጅግ ኩባንያ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፋብሪካ ከፈተ፤ ካንቤቤ የተባለውን ምርቱንም ወደ ነገሌና ወደ ሞያሌ በሚያወርደው መንገድ አፍ ላይ ማምረት ጀመረ። የጨርቅ ዘመን ያበቃ የመሰላቸው ሰዎች ነበሩ።

ዳይፐርን ማውገዝ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አላወግዘውም። የሚያወግዙት ብዙዎቹ ጨርቅ አጥበው የማያውቁ ወንዶች ናቸው። ሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ፣ ገበያ የምትውል ነጋዴ፣ ውሃ በጀሪካን የምትገዛ እናት ለጨርቁ «ነፃ ነው» ስትባል ብትስቅ እውነት አላት። ጨርቁ ነፃ የሆነው ጉልበቷ ስላልተቆጠረ ነው። በሌላ በኩል ዳይፐሩ ከተወለቀ በኋላ የት ይሄዳል? ውስጡ ፕላስቲክና ውሃ መጣጭ ኬሚካል ነው፤ ለዘመናት አይበሰብስም። ቆሻሻ በሥርዓት በማይነሣበት ከተማ ወደ ገደልና ወደ ደረቅ ወንዝ ይጣላል፤ ሲደርቅ ይተናል እንጂ አይጠፋም፤ ጎርፍ ሲመጣ ከብት ወደሚጠጣበት ኩሬ ይወርዳል። ከብት ላስቲክ በልቶ የሚሞትበትን አገር ለሚያውቅ የነገሩ ክብደት አይሰወረውም።

የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2008 ሁለቱን በሚዛን አስቀምጦ ነበር። አንድ ልጅ በሁለት ዓመት ተኩል የሚጨርሰው ዳይፐር ወደ 550 ኪሎ፣ ጨርቁ ደግሞ ወደ 570 ኪሎ የሚሆን የካርቦን ጋዝ ወደ አየር ያወጣል፤ ከሞላ ጎደል እኩል። ጥናቱን ዘልቆ ላነበበ ግን ጨርቁን ያስከሰሰው ጨርቁ ራሱ አይደለም፤ የሚታጠብበት የፈላ ውሃና የማድረቂያው ማሽን ኤሌክትሪክ ነው። በገመድ ከደረቀ፣ ለሁለተኛው ልጅም ከተላለፈ ጨርቁ በግልጽ ያሸንፋል። የነገሌ እናት ደግሞ ማድረቂያ ማሽን አይታ አታውቅም፤ ከአንድ ልጅ ጨርቅ ሦስት ልጅ ታሳድጋለች። በዚያ ሚዛን ብትመዘን ለንደንን ትረታለች፤ የጎደላት ያቺው 20 ሊትር ናት።

20 ሊትሯም እየራቀች ሄዳለች። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የቦረና ምድር ገናና ሐገያ የሚባሉት የዝናብ ወቅቶች አምስት ጊዜ በተከታታይ ከሸፉ። ከብቱ በመንጋ አለቀ፤ ዘመኑን በጉድጓዱ ዜማ ይቆጥር የነበረ ቤተሰብ ወደ ከተማ ዳር ተሰዶ በላስቲክ ዳስ ተጠለለ። ውሃ በቦቴ ሲታደል ጀሪካኗን ይዛ የተሰለፈችው እናት ከማን ጉሮሮ ቀንሳ ለጨርቅ ታውል? ሜዳው ርቋል፣ ቁርበቱ ከብቱ ጋር ሄዷል፣ ዳይፐር መግዣ የላትም። የተረፋት ያ አያቷ የሚያውቁት «እሽሽሽ» ነው፤ በተጣበበ ዳስ ውስጥ፣ ከጎረቤት ቤት ሁለት ክንድ ርቀት ላይ።

በከተሞቹ ገበያ ግን ዛሬ ሌላ ሒሳብ ይታያል። ባለ ሱቁ የዳይፐር እሽጉን ቀድዶ በፍሬ ይሸጣል። እናቲቱ ለቤት ጨርቋን አጥባ ፀሐይ ላይ አስጥታለች። ነገ ወደ ሐዋሳ ሆስፒታል መሄጃዋ ነውና አንድ ለመሄጃ፣ አንድ ለመመለሻ ብላ ሁለት ፍሬ ትገዛለች። ሦስተኛውን ባለ ሱቁ መንገድ ቢዘጋስ ብሎ ሊጨምርላት ሲል፣ ታጥፎ ነጠላዋ ውስጥ ያለውን አሮጌ ካንጋ ታሳየዋለች።